ፈረሱ፦ ድሬ ላይ ባለ 6 ሜትር ጎማ ስናቆም (የሥራ ሂደት ማስታወሻ)

መስከረም 22

እንግዲህ ጀመርነው። ሳቢያን አካባቢ አንድ መዝናኛ ግቢ አለ፣ ዛፍ ያለበት፣ ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሚመጣበት፣ እስካሁን ያለው ሁለት ዥዋዥዌና ቀለሙ የለቀቀ አንድ መንሸራተቻ ብቻ ነው። ባለቤቱ ሐጂ ስልኩ ላይ የሆነ አገር ያለ ትልቅ ተሽከርካሪ ጎማ ያያል፣ ቅርጫት ቅርጫት የተንጠለጠለበት፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሽቅብ ወጥቶ ሚወርድበት፣ እና ወርክሾፕ መጥቶ "ይሄን ትሰራዋለህ?" አለኝ። እኔ በር፣ መስኮት፣ የውሃ ታንከር ማቆሚያ፣ የባጃጅ ጣሪያ ምበይድ ሰው ነኝ። እሰራዋለሁ አልኩ። ምላስ አጥንት የለው።

ማታ ማንበብ ጀመርኩ። በእጅ ሚዞሩ የእንጨት ትንንሾቹ ድሮም ነበሩ፣ በብረት በግዙፉ የሰራው ግን ጆርጅ ፌሪስ የሚባል አሜሪካዊ ኢንጂነር ነው፣ ፒትስበርግ ላይ የድልድይና የባቡር ብረት ሚፈትሽ ድርጅት የነበረው። እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነበር፣ ፓሪሶች ከ4 ዓመት በፊት ኤፍል ታወርን አቁመው ስለነበር አሜሪካኖቹ ያንን ሚያስንቅ ነገር ፈለጉ፣ ሰውየው ጎማ ይዞላቸው መጣ። 80 ሜትር ከፍታ፣ 36 ቅርጫት፣ ቅርጫት ስላችሁ ደሞ አንዱ 60 ሰው ይይዛል፣ ያው ፉርጎ በሉት። ባንዴ 2160 ሰው!

የኛ ዲያሜትሩ 6 ሜትር፣ ቅርጫቱ 8፣ በየቅርጫቱ 2 ልጅ። 16 ልጅ ማለት ነው። ግን 16 የሰው ልጅ ነው፣ ለኔ ከ2160 አያንስም።

የጊዜ ገደቡ ታህሳስ 19 ነው። "ለቁልቢ ይድረስልኝ" አለ ሐጂ፣ ገብርኤልን ሊሳለም የመጣ እንግዳ ድሬ ላይ እንደሚያድር ከሱ በላይ ሚያውቅ ነጋዴ የለም።

መስከረም 24

ስም ወጣለት። ወርክሾፕ አብረውኝ ከሚሰሩት ልጆች ትንሹ (ጩጬው ነው ምንለው) "ፌሪስ" ማለት አልሆነለትም፣ "ፈረስ ነው?" አለ፣ በቃ ከዛ ወዲህ ሁሉም ፈረሱ ነው ሚለው። ሐጂ ሲሰማ ሳቀ ሳቀና ቆም ብሎ "አቦ ፈረስ ይሁን፣ ብቻ ፈረሰ እንዳይሆን" አለ። ከሳቅን በኋላ ግን ማታ አልጋዬ ላይ ትዝ አለኝ።

መስከረም 29

ጉድጓድ። 4 እግር ስላለው 4 ጉድጓድ፣ አንዱ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ። ድምሩ 3 ኪዩብ ትንሽ አለፍ ያለ አርማታ ይበላል። አሸዋው ያው የደቻቱ ነው። ደቻቱን በ1998ቱ ጎርፍ ያየ ሰው ያንን ደረቅ ወንዝ አይንቀውም፣ እኔ ግን አሸዋውን ነው ማልተማመንበት፣ ጭቃ ካለው አርማታው አይያያዝም። ስለዚ ከየጋሪው አንድ አንድ እፍኝ ሃይላንድ ውስጥ ጨምረን ውሃ ሞልተን በጥብጠን አሳደርነው፣ ጠዋት ከላይ የረጋው የጭቃ ንጣፍ ከአንዱ ላይ ጣት ሙሉ ነበር፣ ያንን መለስነው። ሻጩ ተቆጣ፣ "ቤት ስንት ተሰርቶበታል" አለ። እንግዲህ የተሰራውን ቤት እሱ ይደርበት።

ባለ 12 ፌሮ አስረን በየጉድጓዱ ባለ 20 ቡሎን አራት አራት አቆምን። ቡሎኖቹን በአይን አላቆምናቸውም፣ ላሜራ ላይ 4 ቀዳዳ በስተን በዳዶ አጥብቀን ነው አርማታው የፈሰሰባቸው፣ አንዱ 1 ሳንቲ ዘመም ካለ በኋላ እግሩ እምቢ ሲል ግራይንደር ይዞ ማልቀስ ነው።

ጥቅምት 3

ዛሬ ስራ ጆንያ ማርጠብ ብቻ። በድሬ ፀሐይ አርማታ ውሃው ሳይጠጣለት ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ስለዚ ጆንያ አልብሰን ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ውሃ። ቺካጎ ላይ ደሞ ችግሩ ተቃራኒው ነበር፣ መሠረቱን የጣሉት በጥር ብርድ ነው፣ መሬቱ በረዶ ሆኖ፣ አርማታው እንዳይቀዘቅዝባቸው በቧንቧ እንፋሎት እየለቀቁበት ነው የሰሩት። እነሱ አርማታ ሲያሞቁ እኛ ጃንጥላ እንይዝለታለን።

28 ቀን ሳይሞላ እግር አይቆምም ብያለሁ። ሐጂ "7 ቀን አይበቃም?" አለ። አይበቃም።

ጥቅምት 12

ቀለበት። እዚ ጋ ትንሽ ላውራ ምክንያቱም የፈረሱ ነገር ሁሉ ቀለበቱ ላይ ነው ያለው።

ባለ 6 ሜትር ዲያሜትር ማለት ዙሪያው 18 ሜትር ከ85 ሳንቲ ነው። ብረት ሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። ስለዚ ለአንድ ቀለበት 3 ሙሉ ብረትና 85 ሳንቲ ቅጥያ፣ ቀለበቱ ደሞ ሁለት ነው፣ ግራና ቀኝ፣ ቅርጫቶቹ መሃላቸው ነው ሚንጠለጠሉት። የመረጥኩት 60 በ40 አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት) ባለ 3 ሚሊ ነው። አንድ ወዳጃችን ጋ በእጅ ሚዞር ባለ ሶስት ሮለር ማጉበጫ አለ፣ ሁለት ልጅ እጀታውን ያዞራል እኔ እየለካሁ አጠብቃለሁ።

ብረት ቂመኛ ነው እናንተ። ስታጎብጡት እሺ ይላል፣ ስትለቁት ትንሽ ተመልሶ ይቃናል። 3 ሜትር ራዲየስ እንዲሰጠን ወደ 2 ከ80 ማጠፍ ነበረብን፣ ይሄን ለማወቅ አንድ ሙሉ ብረት አበላሽተናል (ጠረጴዛ ይሆናል፣ ክብ ጠረጴዛ)። ወለሉ ላይ ሚስማር መትተን፣ ሽቦ አስረን፣ በጠመኔ ክብ ስለን፣ ያንን ክብ ነው እንደ ልብስ ልክ ምንጠቀምበት፣ የታጠፈውን እያስተኛን የት ጋ ወጣ የት ጋ ገባ እያልን።

ጥቅምት 19

የመጀመሪያው ቀለበት ገጠመ! መዝጊያውን ብየዳ በጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው የበየድኩት። ብረት በያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በሜትር 12 ማይክሮን ይሰፋል፣ በጠዋቱና በቀትር ፀሐይ የጋለው ብረት መሃል 25 ዲግሪ ልዩነት አለ ብትሉ ባለ 18 ሜትሩ ቀለበት በ5 ሚሊ ተኩል ያድጋል ማለት ነው። ቀትር ላይ የገጠመ ማታ ይስባል።

ለነገሩ ከ5 ሰዓት በኋላ ብረቱ በእጅ አይነካም፣ ከሰዓት ደሞ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል፣ ልጆቹም ሐሳባቸው በርጫ ላይ ነው፣ ስለዚ ሕግ አውጥተናል፦ ከ12 እስከ 5 ስራ፣ ከምሳ በኋላ ከፍታ ላይ ማንም አይወጣም፣ የቃመም ያልቃመም።

ጥቅምት 24

ቆረጥነው። አዎ፣ የገጠመውን ቀለበት።

ጋሼ መጥቶ ነበር። ጋሼ ዕድሜውን ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ የጨረሰ ጡረተኛ ነው፣ አሁን ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል፣ የሱን አይን ያለፈ ሥራ እኔ አልፈራውም። (አዲስ አበባዎች ጋሼን "አንተ" ስለው ስታነቡ አትደንግጡ፣ ድሬ አንቱ የለም፣ ሐጂንም አንተ ነው ምንለው፣ አክብሮቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።) ወለሉ ላይ የተኛውን ቀለበት ዞር ዞር ብሎ አየና "ቆንጆ ነው። በምንድነው ምታነሳው?" አለ። ክሬን እንከራያለን አልኩ። "ክሬኑ በዚች በር ይገባል?" አለ።

አይገባም። በሩን ሄጄ ለካሁት፣ ከዛ ቀለበቱን ለካሁት፣ ቀለበቱ ራሱም አይገባም። ወርክሾፕ ውስጥ ሰርቼ በምን እንደማወጣው ሳላስብ ነው የጨረስኩት። ስድስት ሜትር! ልጆቹ ፊቴን አይተው ዝም አሉ፣ ጩጬው ብቻ "ግድግዳውን እናፍርሰው?" አለ።

ጋሼ ሚለው እንዲ ነው፦ መጀመሪያ አክስሉን ብቻ አውጥተህ እግሩ ላይ ስቀል፣ ከዛ ጨረሩን (ከአክስሉ እስከ ቀለበቱ ሚዘረጋውን ብረት)፣ ከዛ ቀለበቱን በቁራጭ በቁራጭ እያዞርክ ግጠም፣ ጎማው ራሱ ክሬን ይሆንልሃል። ማታ ሳነብ ፌሪስም እንደዛ ነው ያደረገው፣ ከ40 ቶን በላይ ሚመዝነውን አክስል 43 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው ማማዎች ላይ ሰቅሎ ከዛ ነው ጎማውን ዙሪያውን የገጠመው። ለንደን ላይ ያለው ባለ 135 ሜትሩ ደሞ በተቃራኒው፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ አስተኝተው ገጥመው ነው ያነሱት፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያነሱት ሲሉ ገመድ ተንሸራቶባቸው አቁመው በቀጣዩ ወር ነው የተሳካው። እነሱ ወንዝ አላቸው እንጂ፣ የኛ ወንዝ አሸዋ ነው።

ስለዚ ሁለቱንም ቀለበት አራት አራት ቦታ ቆርጠን መገጣጠሚያው ላይ ላሜራ በይደን በቡሎን ሚታሰር አደረግነው። ግራይንደሩን እኔ ራሴ ነኝ የያዝኩት፣ ለሌላ ሰው መስጠት አልቻልኩም።

ህዳር 3

እግሮቹ ቆሙ። እያንዳንዱ ጎን የተከፈተ መቀስ ይመስላል፣ አናቱ ላይ ኩሽኔታው (አክስሉ ውስጡ ሚዞርበት) ሚቀመጥበት ሳህን፣ ከመሬት 4 ሜትር ከ30። ቱንቢ ጥለን አየን፣ አንዱ ጎን 8 ሚሊ ዘመም ብሏል፣ ከስሩ ላሜራ ሸጉጠን አስተካከልነው።

አክስሉ ባለ 80 ሚሊ ድፍን ብረት ነው፣ ጫፍና ጫፉን ቶርኖ ቤት አስቆርጠን። ኩሽኔታው ከነቤቱ ሚሸጠው ዓይነት ነው፣ ቁጥሩ 216፣ ለማታውቁ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 አባዙ ቀዳዳውን ይሰጣችኋል፣ 16 ሲባዛ በ5፣ 80 ሚሊ። ጥሩነቱ ውስጡ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስለሚል እግሮቹ ፍፁም ባይተያዩም ይቅር ይላል። አክስሉን በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) አወጣነው፣ 80 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙም አላስቸገረ። በጣት ገፋ ሲያደርጉት ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ሁላችንም ቆመን ስናየው የነበረው የሚዞር ዱላ ነው።

ህዳር 17

ለሁለት ሳምንት አልጻፍኩም፣ ጨረርና ቀለበት ስንገጥም ነበር። ዘዴው አንድ ጨረር ስትገጥም ወዲያው ፊት ለፊቱ ያለውን መግጠም ነው፣ ካልሆነ ጎማው በከባዱ በኩል ተንደርድሮ ይወርዳል። አንዴ ረስተነው ረጅሙ ልጅ ትከሻውን ተመታ፣ ደግነቱ ቀለል ያለ ነው፣ ሁለት ቀን አረፈ። ከዛ በኋላ ጎማውን በሰንሰለት ሳናስር አንድ ቡሎን አንነካም።

ጋሼ በመዶሻ እየመጣ ጨረሮቹን አንድ በአንድ ኳ ኳ ያደርጋል። የባቡር ጎማ እንደዛ ነው ሚመረመረው፣ ደህናው ይጮሃል የተሰነጠቀው ይታፈናል። ከ16ቱ ሁለቱ ታፈኑ። አንዱ ብየዳው ውስጡ አረፋ ነበረው (ጩጬው የበየደው)፣ ሌላው ደሞ... የኔ ነው። ሁለቱንም ቆርጠን ደገምናቸው።

ህዳር 26

ቅርጫት ሰቀልን፣ ወዲያው ችግር። ሁለቱ ቀለበቶች እንዳይጣመሙ መሃላቸው በመስቀል ብረት አያይዤ ነበር፣ ዳር ዳሩን፣ ቀለበቱ ላይ። ቅርጫቱ ደሞ ከተሰቀለበት ፒን 1 ሜትር ወደታች ይንጠለጠላል። ጎማው ሲዞር ቅርጫቱ ጎን ላይ ሲደርስ ቀጥሎ ያለው መስቀል ብረት ጋ ሊደርስ 18 ሳንቲ ይቀረዋል፣ ባዶውን ያልፋል፣ እኔና ረጅሙ ገብተን ወዝወዝ ስናደርገው ግን ጓ! ልጅ ደሞ ሳይወዛወዝ ሚቀመጥ የታለ።

ወረቀት ላይ ስስለው ቅርጫቱ አናት ላይ ሲሆን እንኳን ታቹ ከመሃሉ ከ2 ሜትር በታች አይቀርብም። ስለዚ መስቀሎቹን ሁሉ ቆርጠን ከመሃሉ 1 ሜትር ተኩል ላይ፣ ጨረሮቹ ላይ መለስናቸው። ሁለት ቀን ሄደ። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ብስለው ኖሮ ሩብ ሰዓት ነበር።

በሩ መዝጊያው ሁለት ነው፣ አንዱ ወደላይ ሚነሳ አንዱ ከውጪ ሚዞር፣ የሐጂን የ6 ዓመት የልጅ ልጅ ውስጥ አስቀምጠን (መሬት ላይ) "ክፈተው" አልነው። የመጀመሪያውን ዲዛይን በግማሽ ደቂቃ ከፈተው። አሁን ያለውን ታግሎ ታግሎ ማልቀስ ጀመረ፣ አለፈ ማለት ነው።

ታህሳስ 2

ሞተር። ባለ ሶስት ፌዝ፣ 3 የፈረስ ጉልበት (ፈረሱን ፈረስ ይጎትተው)፣ በደቂቃ 1440 ይዞራል። ከሱ ቀጥሎ 40 ለ1 ሚቀንስ ጊርቦክስ፣ 36 ይሆናል። እሱ ላይ የትንሽ መኪና ባለ 12 ጎማ፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር፣ ጎማው ቀለበቱን ከስር ተጭኖ ይገፋዋል። ቀለበቱ 6 ሜትር፣ ጎማው ግማሽ፣ 12 ለ1፣ ስለዚ ፈረሱ በደቂቃ 3 ጊዜ ይዞራል። ሰንሰለት የለ፣ ቺንጋ የለ። ስሌቱ እንዲ ቁጭ ሲል ደስ አይልም?

በተግባር ግን ቀለበቱ ክብ አይደለም። የገጠምናቸው አራቱ መገጣጠሚያዎች ላይ ጉብ ይላል፣ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው 2 ሳንቲ ተኩል ልዩነት አለ። ስናበራው ጎማው አንድ ቦታ ይንሸራተታል አንድ ቦታ ይታነቃል፣ በዙር አራቴ ጧ! ይላል፣ ቅርጫቶቹ ሁሉ እስክስታ። ጋሼ አላየውም፣ አይኑን ጨፍኖ አዳመጠና "ጎማውን ለምን አሰርከው? ይተንፍስ" አለ። ሞተሩንም ጊርቦክሱንም ጎማውንም አንድ ላይ በማጠፊያ ላይ ሚነሳ ሚወርድ ክንድ ላይ አድርገን ከስሩ ሁለት የባጃጅ ሞላ አስገባን። ጉብታው ሲመጣ ክንዱ ይወርዳል፣ ሲያልፍ ይነሳል። ጧ ጠፋ። ይሄን ያህል ቀላል ነገር ነው፣ እኔ ቀለበቱን በመዶሻ ክብ ላደርግ ሶስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት።

ታህሳስ 7

ቀለም ቀባን፣ ቢጫና ቀይ። ደረቀ። አበራን። ጎማው ይዞራል ፈረሱ ቆሟል። ለካ ጎማው ሚረግጥበትንም ፊት ቀብተነዋል፣ ቀለም ላይ ጎማ ሳሙና ላይ እንደረገጠ ሰው ነው። 18 ሜትሩን ዙሪያውን በሸካራ ዲስክ ፋቅን። ምንም አልልም።

ታህሳስ 9

ዛሬ የሐጂ ልጅ መጣች፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ናት፣ እስካሁን ያለሷ መስራታችን አሳፈረኝ። የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ልጆቹን በምን ቅደም ተከተል ነው ምታስገቡት?"

በተራ፣ አልኩ፣ 1፣ 2፣ 3።

ቁጭ ብላ አሰላችው። በየቅርጫቱ 70 ኪሎ ብትሉ፣ አራቱ ተከታታይ ሞልተው አራቱ ባዶ ከሆኑ ጎማው ሙሉ ለሙሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ያንን ለማንሳት ቀለበቱ ጫፍ ላይ 183 ኪሎ መግፋት ያስፈልጋል። የኛ ሞተር ጊርቦክሱ ሚበላበት ተቀንሶ ሊሰጥ ሚችለው ልክ እዛው አካባቢ ነው፣ ምንም ትርፍ የለውም። የሞተሩ ጎማ ከተንሸራተተ ደሞ ከባዱ ጎን አራት ቅርጫት ልጅ ይዞ ቁልቁል ነው። ግን አንዱን ሞልታችሁ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ከሞላችሁ በየትኛውም ሰዓት ልዩነቱ ከአንድ ቅርጫት አይበልጥም፣ 70 ኪሎ። ያው ሞተር፣ ያው ብረት፣ ከ183 ወደ 70። ስንገጥመው ጨረሩን እንደዛ አልነበር የገጠምነው? ብረቱን ሚዛን ጠብቀን ስንሰቅል ልጆቹን በተራ ልንጭን ነበር!

ስለዚ ቅርጫቶቹ ላይ ቁጥር ተጻፈ፣ አጫጫኑም 1፣ 5፣ 3፣ 7፣ 2፣ 6፣ 4፣ 8። አወራረዱም እንደዛው። ለዚህ ሁሉ ማቆም ማስነሳት ስላለው አንድ ጊዜ ለመሙላት 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የለንደኑ ጭራሽ አይቆምም፣ አንዱን ዙር በግማሽ ሰዓት ስለሚዞር ሰው እየሄደ ነው ሚገባበት። የኛን ያህል የፈጠነ ትንሽ ጎማ ግን መቆም አለበት።

ታህሳስ 11

ሐጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሚጠይቀው ጥያቄ አለ፣ "መብራት ቢሄድስ?" ድሬ ላይ ይሄ "ቢሄድስ" አይደለም፣ "ሲሄድስ" ነው።

መብራት ሲሄድ ጊርቦክሱ ወደኋላ አይዞርም፣ ስለዚ ፈረሱ ባለበት ይቆማል፣ ልጆቹ አናት ላይ። ማዞር ቀላል ነው እናንተ፣ ማንም ሞተር ገዝቶ ያዞራል፣ ማቆምና ቀስ ብሎ ማውረድ ነው ስራው። ያደረግነው፦ አክስሉ ጫፍ ላይ ከአሮጌ ኤንፒአር (አይሱዙ የጭነት መኪና) የኋላ የፍሬን ታምቡር ከነሸራው ገጠምን፣ ሚጎተተው 1 ሜትር ተኩል ርዝመት ባለው እጀታ። ልጓም ነው ስሙ፣ ሌላ ምን ሊባል። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ልጓሙን ትይዛለህ፣ ሌላ ሰው የሞተሩን ክንድ በክሪክ ወደታች ስቦ ጎማውን ከቀለበቱ ያላቅቃል፣ ከዛ ልጓሙን ላላ ጠበቅ፣ ላላ ጠበቅ፣ ከባዱ ቅርጫት ራሱ ይወርዳል፣ ቀሪውን ቀለበቱን በእጅ እየሳቡ።

ሞከርነው። አሸዋ በጆንያ ጭነን ፊውዙን ነቀልኩ። 8ቱን ቅርጫት ለማራገፍ 11 ደቂቃ። ደገምነው፣ 8። ለአራተኛ ጊዜ ስንሞክር መብራት ራሱ ሄደ፣ የእውነቱን። 6 ደቂቃ ተኩል።

ታህሳስ 14

የክብደት ፈተና። በየቅርጫቱ 105 ኪሎ አሸዋ፣ ከታሰበው አንድ ተኩል እጥፍ፣ 100 ዙር፣ ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። ከስሩ ማንም እንዳይቆም በገመድ አጠርን፣ ምክንያቱም ቺካጎ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዞር ሠራተኞቹ እላዩ ላይ የረሱት ዳዶና ቡሎን ዝናብ ሆኖ እንደወረደ አንብቤያለሁ። ከኛ ምን ወረደ መሰላችሁ? አንድ ባለ 17 ቁልፍ፣ አንድ ሮንዴላ፣ እና የረጅሙ ልጅ ነጠላ ጫማ አንዱ እግር፣ ህዳር ላይ "ተሰረቅኩ" ብሎ ሰፈሩን ያመሰበት።

ከዛ እያንዳንዱን ቡሎን እንደገና አጠበቅን፣ ከፈተናው በኋላ 9 ላልተው ነበር። ጋሼ ጨረሮቹን ኳ ኳ አደረገ፣ 16ቱም ጮሁ። ፈረሱን ያየ አንድ ባለሙያም አጥር በዙሪያው ይጨመር፣ ቁመታቸው ከሜትር ከ10 በታች የሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ አይግቡ አለ። ወላጅ ከገባ ደሞ በዛ ቅርጫት አንድ ልጅ ብቻ፣ ከዛም ፊት ለፊቱ ተመጣጣኝ። ሁሉም ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ።

ታህሳስ 17

ሰው ጫንን። መጀመሪያ እኛው፣ 1 ላይ እኔ፣ 5 ላይ ረጅሙ። ከላይ የባቡር ጣቢያው በኩል፣ የከዚራ ዛፎች፣ ወዲያ ማዶ ተራራው። 7 ሜትር ብቻ ነው እኮ፣ ግን ድሬ ሜዳ ስለሆነች ይታያል። ጋሼ "ባቡሩ ሐረር ተራራውን መውጣት ከብዶት ነው ድሬ የተቆረቆረችው፣ እናንተ ግን ወጣችሁ" አለኝ ስወርድ። እሱ ግን አልገባም አለ። "እኔ ሚዞር ነገር መስማት ነው ምወደው።"

ሐጂ ቲኬት ስንት እናድርገው ሲለኝ ቺካጎ ላይ ሁለት ዙር በ20 ደቂቃ 50 ሳንቲም ነበር አልኩት። "ሁለት ዙር ብቻ?" ብሎ ፌሪስን ታዘበው። የኛ 12 ዙር ነው፣ 4 ደቂቃ።

ታህሳስ 22

ሶስት ቀን ሙሉ ሰልፍ ነበር፣ መጻፊያ ጊዜ አልነበረም። ልጓሙ ላይ ረጅሙ ልጅ ነው፣ ጩጬው ደሞ ቁጥር ጠሪ፣ "1! 5! 3! 7!" እያለ ይጮሃል፣ ሰልፉ ላይ ያሉት ልጆች አብረውት መጥራት ጀምረዋል፣ ትናንት ሰፈር ውስጥ ሱዚ ሚጫወቱ ልጆች 1፣ 5፣ 3፣ 7 እያሉ ሲዘሉ ሰማሁ። ቁልቢ ደርሰው የተመለሱ አንዲት እናት (እሳቸውን አንቱ ብያለሁ፣ ከጎንደር ናቸው) ልጃቸውን አቅፈው 4 ቁጥር ገቡ፣ ሙሉውን 12 ዙር አይናቸውን አልከፈቱም፣ ወርደው "ደግሞ ይዞራል?" አሉ።

መብራት ሁለቴ ሄዷል። 6 ደቂቃና 5 ደቂቃ ተኩል።

ቀሪ ሥራ፦ የሞተሩ ጎማ በአንድ ጎኑ መበላት ጀምሯል፣ ክንዱ ትንሽ ዘመም ያለ ይመስለኛል፣ ሰኞ ጠዋት ሳይከፈት እፈታዋለሁ። 6 ቁጥር ደሞ ሲወርድ ሲጥ ይላል፣ ግራሶ ሰጠነው አልተወም። ጋሼ ሐሙስ መጥቶ ያዳምጠዋል።